ጓደኞቼ በ15 ፐርሰንት ገዙኝ!

እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አብሯችሁ ያደገ ጓደኛችሁ ቡና ጋብዟችሁ «አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ሶፍትዌሩን ካንተ በስተቀር የሚሠራልኝ የለም፤ ገንዘብ ባይኖረኝም ሼር እሰጥሃለሁ» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «ስንት ፐርሰንት?» የምትሉ ካላችሁ እኔና እናንተ አንድ ነን። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጥፋቴም የጀመረው ከዚህችው ጥያቄ ነው፤ «ስንት?» ከማለቴ በፊት «የምን?» ማለት ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የቆሼ ልጅ ነኝ። ቆሼን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያላየው እንኳ ሸትቶታል። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲራገፍበት የኖረ፣ ከ30 ሄክታር የሚበልጥ መሬት የያዘ ተራራ ነው፤ በኮልፌ ቀራኒዮ በኩል፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ። ታክሲው እዚያ ሲደርስ ተሳፋሪው «ኧረ መስኮት ዝጉ!» ይላል፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ እንዳይነቃብን አብረን አፍንጫችንን እንይዛለን። ቺክ ስንጠብስ «ሰፈርህ የት ነው?» ከተባልን መልሳችን «አየር ጤና» ነው። ውሸት አይባልም፤ አየር ጤና ጎረቤታችን ነው። ስሙ ብቻ እኛ አፍ ውስጥ ሲገባ ያስቃል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ማታ፣ ያ ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ሳምንት ስንት ለቅሶ ቤት እንደገባሁ አላስታውስም። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጓደኞቼ አንዱ በልጅነቱ እዚያው ተራራ ላይ ብረትና ላስቲክ ለቅሞ ነው ደብተር የገዛው፤ ከአደጋው በኋላ «እነዚህ ሰዎች የለቀሙትን በትክክል መዝኖ በትክክል የሚከፍላቸው ሰው ቢኖር» የምትል ሐሳብ ከጭንቅላቱ አልወጣ አለች። ልጁ ሌባ አልነበረም። አሁንም አይደለም። ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ፤ የሌባ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍም አልቸገርም ነበር።

በ2013 ዓ.ም ክረምት ነው። ቴሌብር በዚያው ዓመት ግንቦት ሥራ ጀምሮ አገሩ ሁሉ «በስልክ ላክልኝ» የሚባባልበት ሰሞን። አየር ጤና አንድ ጀበና ቡና ጋ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። በዚህ ገጽ ስም መጥራት ልማድ ስላልሆነ በሥራቸው ልጥራቸው። አንዱ ያ ያልኳችሁ ልጅ፣ ባለሚዛኑ ነው። ሁለተኛው ባለመኪናው፤ ከአጎቱ የተረከባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ሦስተኛው እኔ፤ ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ፕሮግራም እጽፋለሁ።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ሀይላንድ ከለቃሚዎች በኪሎ መግዛት (የውሃውን ባዶ ላስቲክ ማለቴ ነው፤ የአንድ ውሃ ስም የዕቃው ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ እኮ)፣ አጠራቅሞ ለሚፈጩት ፋብሪካዎች መሸጥ። ለእያንዳንዱ ለቃሚ በስልክ ሒሳብ ይያዝለታል፤ የመዘነው ኪሎና የሚከፈለው ብር ወዲያው በመልእክት ይደርሰዋል።

«አንተ ሲስተሙን ትሠራለህ፣ እሱ ያመላልሳል፣ እኔ እገዛለሁ» አለ ባለሚዛኑ። «ጨላ ግን የለም፤ ታውቃለህ፣ ችስታ ነን። ሼር እንሰጥሃለን።»

«ስንት ፐርሰንት?»

«አሥር።»

«ሃያ።»

«አቦ አትጨቃጨቁ፣ አሥራ አምስት ይሁን!» አለ ባለመኪናው። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ተስማማን። ሥጋ ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ ለማስቆረጥ እንኳ ከዚህ የበለጠ ክርክር አለበት።

«ወረቀት ነገር አንጽፍም እንዴ?» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ብያለሁ። ግን እንደ ቀልድ አድርጌ ነው ያልኩት። ባለሚዛኑ በጥፊ የተመታ ያህል ደነገጠ። «በኛ መሃል? ሼም አይዝህም? እማዬ ቤት እንጀራ ስትበላ ወረቀት ፈርመህ ነበር?»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? አፍሬ ዝም አልኩ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ቀን ነው።

አምስት ወር ሠራሁ። ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ፣ ራት በልቼ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ሶፍትዌር ሲሉት ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ንጹሕ ነገር ይመስላል። የመጀመሪያውን ይዤ ሚዛኑ ጋ ስሄድ ፀሐዩ ላይ ስክሪኑ አይታይም። የሚመዝነው ልጅ ጓንት አድርጓል፤ ጓንት ደግሞ ስልኩ አያውቀውም። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ቁልፎቹን የእንጀራ ቁራሽ አሳከልኳቸው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መዝግቦ እንዲያቆይ አደረግሁ፤ ማንበብ የማይችሉ ስለነበሩ በስም ፋንታ ፎቶግራፍ አስገባሁ። በዚህ መካከል በደስታ ልሞት ነበር። የራስ ነገር ሠርታችሁ ሰው ሲገለገልበት ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ከለቃሚዎቹ አንዷ እናት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ስልክህ ሌባ ነው።»

«እንዴት እማማ?»

ከኪሳቸው ቆርኪ አውጥተው መሬት ላይ ዘረገፉ። አሥር ኪሎ በሞላላቸው ቁጥር አንድ ቆርኪ ያስቀምጣሉ። በሦስት ሳምንት 31 ቆርኪ አጠራቅመዋል፤ 310 ኪሎ መሆኑ ነው። ስልኩ ግን 296 ይላል። ሳቅኩ፤ «እማማ፣ ኮምፒዩተር አይሳሳትም» ብዬ ልከራከርም ቃጣኝ። ማታ ኮዱን ስከፍተው ደሜ ቀዘቀዘ። ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር እየቆረጠ ይጥለው ነበር። 7 ኪሎ ከ800 ግራም ያመጣ ሰው 7 ኪሎ ሆኖ ይመዘገባል። አንዴ ሲሆን ምንም አይደለም፤ በቀን ሁለቴ ለሚመዝን ሰው ግን በወር ሲደመር የልጅ ደብተር መግዣ ነው። የሁሉንም ሒሳብ መልሰን አስልተን ልዩነቱን ከፈልን። ከዚያ በኋላ «የነዚህ ልጆች ሚዛን አይሰርቅም» ተባለ፤ ከሌላው ገዢ እየተዉ ወደኛ መጡ። ይህንንም ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው ሰሞን አባቴ «ምን ያህል ይከፍሉሃል?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ «ደመወዝ የለኝም አባዬ፣ ሼር ነው፤ 15 ፐርሰንት» አልኩት። አባቴ ከሸዋ ገጠር ነው የመጣው፤ ፐርሰንት የሚባለውን ብዙም አይወደውም። ግን የእኩል አራሽና የርቢ ከብት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል። ለማታውቁት ባጭሩ፤ ከብት ያለው ለሌለው ላም ይሰጣል፣ ተቀባዩ ያረባል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ።

«የላሟ ነው የወተቱ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«አሥራ አምስቱ ነዋ። የላሟ ድርሻ ነው የሰጡህ፣ የወተቱ ነው፣ ወይስ ላሟ የታሰረችበት ገመድ?»

ሳቅኩበት። የኮምፒዩተር ሥራ በላም አይለካም ብዬ መሰለኝ። «ስትታመምስ? ማን ነው የሚያስታምማት?» ብሎ ጨመረ። እሱንም አልመለስኩም።

የታመመችው ግን ብዙ ጊዜ ነው። ሶፍትዌር ሠርታችሁ የምትገላገሉት ነገር አይደለም። ስልክ ይቀየራል፣ ሰርቨር ይሞላል፣ የመዛኙ ልጅ ፓስዋርዱን ይረሳል። ቅዳሜ የለቃሚዎቹ ክፍያ ቀን ነበር፤ ለሁለት ዓመት ቅዳሜዬ የእኔ ሆኖ አያውቅም። ፍቅረኛዬ (የያኔዋ) «ከእኔና ከሀይላንድ ምረጥ» ያለችኝን እንደ ቀልድ ነበር የወሰድኩት። ቀልድ አልነበረም።

ወደ ጉዱ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም መስከረም አንድ ነገር ለማስተካከል ግቢያቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ውልና ማስረጃ ማኅተም ያረፈበት የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ተቀምጧል። ድርጅት ሆነዋል፤ ኃ.የተ.የግ.ማ.። የአባላቱን ስም አነበብኩ። ባለሚዛኑ 40፣ ባለመኪናው 30፣ አንድ የማላውቀው ገንዘብ ያስገባ ሰው 30። እስቲ ደምሩልኝ። የእኔ 15 የት ጋ ይገባል?

«ያንተ በውስጥ ነው» አለኝ ባለሚዛኑ።

«በውስጥ ማለት?»

«በእኔ ውስጥ ተይዞልሃል። ስምህ ካልገባ አትታመነንም?» ትንሽ ዝም አለና «ደግሞ እኮ ከሶፍትዌሩ ነው እንጂ ከድርጅቱ 15 አላልንም» አለ።

ገመዱ! አባቴ ትዝ አለኝ።

ጮህኩ። እሱም ጮኸ። ያለኝን ነገር ሳልቀንስ ልጻፈው፤ ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና። «አንተ አምስት ወር ቤትህ ተቀምጠህ ጻፍክ። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ፣ በጋ ከክረምት፣ ቆሼ ነኝ። ለአምስት ወር ሥራ ዕድሜ ልኬን አሥራ አምስት ልክፈልህ?»

በንዴት ወጥቼ ሄድኩ፤ ነገር ግን ውሎ ሲያድር ግማሹ እውነት ሆኖ አገኘሁት። እኛ ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች አንድ በሽታ አለብን፤ ኮዱ ቢዝነሱ ይመስለናል። የዚያ ቢዝነስ ነፍስ እኮ ሚዛኑ ነው። ሌሊት ተነስቶ የሚመዝነው፣ ለቃሚዎቹ ጋር በስም የሚጠራራው፣ ፋብሪካው ሳይከፍል ሲቀር ከኪሱ የሚከፍለው እሱ ነው። የእኔን ሥራ ግማሹን አንድ ጠንካራ ደብተር ሊሠራው ይችል ነበር። ግማሹ እውነት ነው ማለቴ ግን ሌላው ግማሽም ስላለ ነው። ሰዎቹን ወደ እሱ ሚዛን ያመጣቸው «አይሰርቅም» የሚለው ወሬ ነው፤ ያ ወሬ ደግሞ ከቆርኪዎቹና ከእኔ ሌሊቶች የመጣ ነው። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ችግሩ ልክ መሆናችንን የሚመዝን ምንም የተጻፈ ነገር አለመኖሩ ነው።

አንድ ሌሊት ደግሞ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። የሰርቨሩ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። አንዲት ቃል ጽፌ አንድ ቁልፍ ብጫን ሁሉም ይቆማል። ዓርብ ማታ ነበር። ጻፍኩት። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ክፍያ ነው። ይህን ብዘጋው የሚጎዳው ባለሚዛኑ ብቻ አይደለም፤ ያቺ እናት ቆርኪያቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ ቆርኪ ያልቆጠሩት ደግሞ ባዶ እጃቸውን። አጠፋሁትና ተኛሁ። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቼም ነው።

በማግስቱ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ የከፈልኩበት ነው።

አንደኛ ነገር፣ ሕጉ እንደምናስበው ባለሙያን የረሳ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ እንኳ በሽርክና ውስጥ ሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ሊያዋጣ እንደሚችል ያውቅ ነበር። ያንን ሕግ የተካው በ2013 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ነው፤ እኛ ቡና ስንጠጣ ገና ትኩስ ነበር። ነገር ግን የንግድ ማኅበር የሚቋቋመው በጽሑፍ ነው። ከገንዘብ ውጭ የሚገባ መዋጮም ዋጋው ተገምቶ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይሰፍራል። «በውስጥ ተይዞልሃል» የሚባል የአባልነት ዓይነት በየትኛውም አንቀጽ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ፊርማና ሁለት ምስክር እንዲኖረው ይላል። እኛ የነበረን ምስክር ጀበናው ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። በ1996 ዓ.ም በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ (ቁጥር 410) የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ አለው። እሰየው አልኩ። «ቆይ» አሉኝ ጠበቃው፤ «ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው።» ስለዚህ ጓደኞቼ «አዘን አሠራነው» ቢሉ እኔ ደግሞ «ሸሪክ ሆኜ ነው የሠራሁት» ስል ማስረጃው የት አለ? በነገራችን ላይ ቀን ተቀጥራችሁ ማታ ለጓደኛ የምትሠሩ ልጆች የቅጥር ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር የጻፋችሁት ሁሉ የእሱ ነው የሚል ይኖርበታል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። እኛ አራዶቹ ፋራ አልናቸው።

ይህ ነገር የቆሼ ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት መንታ ወንድማማቾችና አንድ ጓደኛቸው የተማሪዎች መገናኛ ድረ ገጽ አስበው፣ ኮድ የሚጽፍላቸው ልጅ ፈልገው፣ የድርሻ ተስፋ ሰጥተው በቃል ተስማሙ። ልጁ ዛሬ ነገ ሲል ቆየና በየካቲት 2004 የራሱን ከፈተ። ፌስቡክ ነው። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2008 በ65 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት እንደተቋጨ ተዘገበ። እዚያ የተጎዳሁ ያለው ባለሐሳቡ ነው፣ እዚህ ባለኮዱ ነኝ፤ በሽታው ግን ያው የቃል ውል ነው። በ2005 ደግሞ የዚሁ የፌስቡክ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሥዕል የሣለ ሰው 60 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብ ወይም አክሲዮን ምረጥ ቢባል፣ ድረ ገጹን ምኑም ሳይጥመው አክሲዮኑን መረጠ። በ2012 ኩባንያው ለሕዝብ ሲሸጥ የዚያ ሰው ድርሻ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚገመት ተጻፈ።

ይኼኔ ልባችሁ «ሼር ይሻላል!» ብሎ ዘለለ አይደል? የእኔም ዘሎ ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ሠዓሊው ቀለሙን አድርቆ ሄደ። ቅዳሜ ማታ «ግድግዳው አልከፈት አለ» ብሎ የደወለለት ሰው የለም።

ሦስተኛው ሰው የበለጠ ይገርመኛል። በ1976 አፕል ሲመሠረት ውሉን በእጁ ያረቀቀው ሦስተኛ ሸሪክ 10 ፐርሰንት ነበረው። በ12ኛው ቀን ስሙን አስፋቀ፤ 800 ዶላር ተሰጠው። ሰው ሁሉ ይስቅበታል። እኔ አልስቅም። ሽርክናው ዕዳ ቢገባ ቤትና ንብረት ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ነው የሸሸው። በእኛም ሕግ በኅብረት ሽርክና ማኅበር ውስጥ የገባ ሰው ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ይጠየቃል። «ሸሪካችን ነህ» ሲሏችሁ ዕዳውም አብሮ እንደሚመጣ የሚነግራችሁ ጓደኛ ካላችሁ እሱን ያዙት።

ታዲያ ምን ይሁን? ለጓደኛ አይሠራ? ኧረ ይሠራ! ግን የምንሠራው ምን እንደሆነ እንወቅ። ደቦ ከሆነ ደቦ ይባል፤ ሁለት ቅዳሜ ሠርቶ፣ ተጋብዞ፣ መርቆ መሄድ ነው፤ በደቦ ያጨደ ሰው እህሉን አካፍሉኝ አይልም። ሽያጭ ከሆነ ዋጋ ይቆረጥ፤ ጓደኛ ነውና በግማሽ ይሁን፣ በየወሩ ይከፈል። እኩል ከሆነ ግን እንደ እኩል አራሽ በምስክር ፊት ይሁን። እኔን የጎዳኝ ሦስቱን ደባልቄ መያዜ ነው፤ እንደ ደቦ ተጋበዝኩ፣ እንደ ተቀጣሪ ሠራሁ፣ እንደ ባለቤት ጠበቅሁ።

ሒሳቧንም እናስላት፤ ማንም አስልቶልኝ አያውቅም ነበር። ያንን ሥራ ሌላ ሰው ቢያሠራኝ 120 ሺህ ብር እጠይቅ ነበር። ድርጅቱ በወር 20 ሺህ ብር ቢያተርፍና ትርፉን ሁሉ ቢያካፍል 15 ፐርሰንቱ 3 ሺህ ብር ነው። 120 ሺህን ለማግኘት 40 ወር ያስፈልጋል። ያውም ትርፉ ከተካፈለ! ያደገ ቢዝነስ ግን ትርፉን አያካፍልም፤ ሌላ ሚዛን ይገዛበታል፤ መግዛትም አለበት። እንግዲህ ከ40 ወር በላይ አብራችሁት ለመቆየት የማታስቡትን ሥራ በፐርሰንት አትግቡበት።

ፐርሰንቱ ደግሞ ቀስ እያለ ይምጣ። በአሜሪካ የተለመደው ድርሻው በ4 ዓመት ተከፋፍሎ እንዲመጣ ነው፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው የወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። መጀመሪያ ስሰማው ጭካኔ መሰለኝ። ሳስበው ግን የባለሚዛኑን ጥያቄ የሚመልሰው ይኸው ነው። አምስት ወር ሠርቼ ብጠፋ ምንም አላገኝም፣ አራት ዓመት ቅዳሜዬን ብገብር አሥራ አምስቱ ሙሉ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ሚዛኑን ጥሎ ዱባይ ቢሄድ አርባው እንደያዘ አይሄድም። ይህን በቡናው ቀን ብንነጋገር አንድም ቀን ባልተጯጯህን ነበር።

ሌላም መንገድ አለ። አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውንም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ኮዱን በራሳችሁ ስም ይዛችሁ ለጓደኛ በወር ኪራይ ማሠራት ይቻላል። ሲያድግ ኪራዩ ያድጋል፤ ሲከስር ዕዳው አይነካችሁም። ሼር እንደሚለው ቃል አያሞቅም እንጂ።

የእኔ ነገር ፍርድ ቤት አልደረሰም። ጠበቃው «ትከራከራለህ፣ ግን የሚያስቆጭ ገንዘብ ታወጣለህ» አሉኝ። አባቴ የባለሚዛኑን አጎት ይዞ ሽምግልና ተቀመጠ፤ አንድ ሙሉ ቅዳሜ፣ እኛው ቤት። አጎትየው ሁለታችንንም ሰምተው ሲያበቁ ባለሚዛኑን «ስሙን ለምን አላስገባህም?» አሉት። ዝም አለ፣ ከዚያ «ያ ገንዘብ ያስገባው ሰውዬ ሦስት ሰው ብቻ ነው የምፈልገው አለኝ፤ ልነግረው አፍሬ ነው» አለ። በእኛ መሃል ያለው ነገር ሁሉ ያበላሸው ማፈር ነው ለካ፤ እኔ ወረቀት ለመጠየቅ አፈርኩ፣ እሱ እውነቱን ለመናገር።

90 ሺህ ብር በሦስት ጊዜ ክፍያ ተፈረደልኝ። ኮዱ የእኔ ይሁን፣ እነሱ ያለ ኪራይ ይገልገሉበት፣ ሲበላሽ ግን ለማስጠገን ይክፈሉ ተባለ። አባቴ ከልጅ ደብተር ላይ ገጽ ቀድዶ ጻፈው፣ ሁለት ምስክር ፈረመበት። ባለሚዛኑ ሲፈርም እጁ ተንቀጠቀጠ። ያቺን ወረቀት በላስቲክ አድርጌ አስቀምጫታለሁ።

የመጀመሪያው ክፍያ በቀኑ መጣ። ሁለተኛው አንድ ወር ዘግይቶ መጣ። ሦስተኛው ጥር ላይ ነበር። ጥር ላይ ባለሚዛኑ ሠርጉን ደገሰ፤ አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ሱፉን አብረን መረጥን፣ ሙሽሪትን አብረን አመጣን፤ እማዬ ቤት እንጀራ በላን፤ ክፍያዋን አላነሳሁበትም፣ እሱም አላነሳት። ሠርግ ነው ብዬ ነው። አሁን መጋቢት ገብቷል።